ሴፕቲክ ታንክ ሲሸት፣ ሮቶ ሲያንሸራትት

ብዙ ቤት የማየው ነገር ነው። ሴፕቲክ ታንኩ ሲሸት በረኪና ይደፋበታል፤ የሚጠጣው ውሃ የሚቀመጥበትን ሮቶ ግን ለዓመታት ዞር ብሎ የሚያየው የለም። መሆን የነበረበት ግልባጩ ነው፤ ታንኩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን የሚያብላሉልን ሠራተኞች ናቸው፣ ሮቶው ውስጥ የሚራቡት ደግሞ ሊያሳምሙን ይችላሉ።

ቤት ውስጥ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል

ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ነው። ኦክስጅን የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ሥራቸውን ሲሠሩ ይወጣል፣ ታንኩ ውስጥ መኖሩ አይገርምም። ቤት ከገባ መጀመሪያ ብዙ የማትጠቀሙበትን የወለል ሲፎን እዩ፤ ደርቆ ከሆነ አንድ ጆግ ውሃ ጨምሩበት። ሽታው ካልጠፋ የአየር ማስወጫ ቱቦው ተደፍኖ እንደሆነ አስፈትሹ።

«ባለፈው አስመጥጠን እንደገና ሞላ»

እዚህ ጋ ብዙ ብር ይባክናል። ሴፕቲክ ታንክ ሁሌም እስከ መውጫ ቱቦው ድረስ ፈሳሽ ይይዛል፣ ስለዚህ ክዳኑን ከፍታችሁ ውሃ ስላያችሁ ብቻ መኪና አትጥሩ። የሚለካው ታች የተኛው ዝቃጭ ነው። ረጅም እንጨት ውሰዱ፣ ከጫፉ ጀምሮ አንድ ሜትር ያህል ነጭ ጨርቅ ጠቅልሉበት፣ ቀስ ብላችሁ እስከ ታች አውርዱት፣ ጥቂት ደቂቃ አቆይታችሁ አውጡት። ጨርቁ የጠቆረበት ቁመት የዝቃጩ ቁመት ነው። የፈሳሹን ጥልቀት ሲሶ ከደረሰ አስመጥጡ። ስትለኩ ጭንቅላታችሁን ወደ ውስጥ አታስገቡ፣ እሳት አይቅረብ፣ ማንም ሰው በምንም ምክንያት እንዳይገባ! ጋዙ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል፣ ወዳጁን አወጣለሁ ብሎ የገባውም አብሮ ይሞታል።

ዝቃጩ ትንሽ ሆኖ ውሃው ወደ ላይ ከተመለሰ ችግሩ ማስረጊያው ጉድጓድ ጋ ነው። ወይ ዘይትና ስብ ደፍኖታል፣ ወይ በክረምት የጣሪያ ውሃ ይገባበታል፣ ወይ መሬቱ መረሬ ስለሆነ አያሰርግም። የጣሪያውን ውሃ ለዩ፣ የምግብ ዘይት ወደ ገንዳ አትድፉ፣ መረሬ ላይ ከሆናችሁ ማስረጊያውን ማስፋት ግድ ነው።

ዝቃጩ ቶሎ ቶሎ ይከማቻል

ለማጽጃ የምትጠቀሙት ትንሽ በረኪና ባክቴሪያዎቹን አያጠፋቸውም። አንድ ጀሪካን በአንዴ ከተደፋ ግን ያልቃሉ፣ ማብላላቱም ይቆማል። ዳይፐር፣ ሞዴስና ዋይፕስ ደግሞ የሚበላቸው ባክቴሪያ የለም፣ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሂዱ። እርሾ ጨምሩ የሚሏችሁን አትስሙ፤ የሚፈለገው ባክቴሪያ ከሆዳችን በየቀኑ ይመጣል። አዲስ አበባ ስለሚቀዘቅዝ ማብላላቱ ከአዳማ ወይም ከድሬዳዋ ይዘገያል፣ አዳማ ካለው ዘመዳችሁ ታንክ ጋር አታወዳድሩ።

የሮቶው ግድግዳ ያንሸራትታል

ውሃ ሲቆይ ክሎሪኑ ይጠፋል፣ ባክቴሪያዎቹም ግድግዳው ላይ ተጣብቀው ንፍጥ የመሰለ ሽፋን ይሠራሉ። አረንጓዴ ከሆነ ብርሃን እየገባ አልጌ አብቅሏል፣ ክዳኑን አስተካክሉ። ሮቶውን ባዶ አድርጋችሁ በብሩሽ ፈትጉት። ከዚያ ውሃ ሞልታችሁ ለ1000 ሊትር 1 ሊትር፣ ሽታና ሳሙና የሌለው 5% በረኪና ጨምሩ፣ የቧንቧዎቹን ውሃ የበረኪና ሽታ እስኪመጣ ድረስ ልቀቁ፣ ዘግታችሁ 24 ሰዓት አቆዩት። ይህ ውሃ አይጠጣም፤ አፍስሱትና በንጹህ ውሃ አለቅልቁ። እስከዚያ የምትጠጡትን አፍሉ፤ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

የሮቶውን የበረኪና ውሃ ወደ ሴፕቲክ ታንኩ እንዳትለቁት፤ ግቢ እጠቡበት።