ለልጃችሁ ነፃ የልብ ቀዶ ሕክምና ተራ እንዴት ታስይዛላችሁ?

ልጁ ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቁጭ ይላል፣ ኳስ ሜዳ ላይ ከእኩዮቹ ቀድሞ ይደክመዋል፣ ሌሊት ትራስ ካልተደራረበለት አይተኛም። ሐኪሙ "ልቡ ላይ ድምፅ አለ" ካላችሁ መጀመሪያ ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይነሳ። የትኛው ቫልቭ (ደም የሚያሳልፈው የልብ በር) እንደተበላሸ ወይም ክፍተቱ የት እንዳለ ለይቶ የሚያሳየው እሱ ነው። ራጅ ብቻ ይዛችሁ ደጅ ብትጠኑ መጀመሪያ ወደ ኤኮ መመለሳችሁ አይቀርም።

ከዚያ ሪፈር አጽፉ። አገር ውስጥ በጣም የሚታወቀው ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የሕፃናት ልብ ማዕከል ነው። በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት በ1981 ዓ.ም. የተጀመረው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት ውጤት ሲሆን በ2001 ዓ.ም. ተከፈተ። የቆመው በመዋጮ ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነው፣ አልዋሻችሁም። ከውጭ በበጎ ፈቃድ የሚመጡ የሐኪም ቡድኖችም የሚቆዩት ለአጭር ጊዜ ነው።

ስለዚህ ተራው ሲደርስ ልጁ ዝግጁ ሆኖ መገኘት አለበት። ካርዱ ላይ ሁለት ስልክ አስመዝግቡ፣ የራሳችሁንና የማይጠፋ ዘመድ። አንዲት ጎረቤታችን ሲም ካርዷ ጠፍቶባት በዚያው ሰሞን ተደውሎላት ኖሯል። ተራው አለፈ። ወር በገባ ቁጥር ደግሞ እየደወላችሁ "አለን" በሉ፣ አትፈሩ።

ጥርሱንም አሳክሙት። የተበላ ጥርስ ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል፤ ጀርሙ በደም ተጉዞ ቫልቭ ላይ ስለሚያርፍ ጥርሱ ሳይታከም ቀዶ ሕክምናው ሊዘገይ ይችላል።

በሽታው በቶንሲል ምክንያት የመጣ ከሆነ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጋውን ፔኒሲሊን "ተራ እየጠበቅን ነው" ብላችሁ እንዳታቋርጡ፤ ቶንሲሉ በተመላለሰ ቁጥር ቫልቩ ይብስበታል። እንጥል ማስቆረጥ አይፈይደውም፣ ምላጩ ሌላ ጣጣ ያመጣል እንጂ።

ውጭ አገር የሚያሳክሙም አሉ። ሴቭ ኤ ቻይልድስ ሃርት የተባለው የእስራኤል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ሲጀመር ካከማቸው የመጀመሪያዎቹ መካከል ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ነበሩ፤ ሕክምናው ሆሎን ከተማ ዎልፍሰን ሆስፒታል ነው። ለዚህ የልደት ካርድና ፓስፖርት አስቀድማችሁ ጨርሱ። ተራ አስቀድማለሁ ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላ ቢገጥማችሁ ሌባ ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት የሚገባለት ቫልቭ የብረት መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። የብረት ከሆነ ዋርፋሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ ዕድሜ ልኩን ይወስዳል፤ የደሙን ቅጥነት የሚለካ ጤና ተቋም በቅርብ ከሌለ ነገሩ ከባድ ነው። ጎመን እንኳ መድኃኒቱን ያዳክማል፤ ይብላ፣ ግን በጾም ድንገት አብዝቶ በፍስክ እርግፍ አያድርገው። ልጅቷ ሴት ከሆነች ደግሞ ዋርፋሪን ፅንስ ስለሚጎዳ ስታድግ ሳታረግዝ በፊት ሐኪሟን እንድታማክር ከአሁኑ ንገሯት።