ሆያ ሆዬን ከልጆቹ እጅ አትንጠቁ

ቡሄ ሲቃረብ ወረዳውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የሰፈር ኮሚቴውም «የባህል ዝግጅት» ይላል። ልጆችና ወጣቶች ይሳተፋሉ ይባላል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ አፈጻጸሙ ላይ ግን የተለመዱ ስህተቶች አሉ።

ነገሩ ካለቀ በኋላ መጥራት። ቦታው፣ ሰዓቱ፣ በጀቱ ተወስኗል። ልጆቹ ቲሸርት ይለብሳሉ፣ የክብር እንግዳው እስኪመጣ ፀሐይ ላይ ይቆማሉ፣ ትንሽ ጨፍረው ይወርዳሉ። ይሄ ማድመቂያ እንጂ ተሳትፎ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 በባህልና በኪነ ጥበብ የመሳተፍ መብት ይሰጣቸዋል። አንቀጽ 12 ደግሞ በሚመለከታቸው ጉዳይ ሐሳባቸው ይሰማ ይላል። ስለዚህ ገና ምንም ሳይወሰን ጥሯቸው።

ግጥማቸውን ማረም። እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሆያ ሆዬን የሚያስኬደው አውራጁ ነው። በሩን አይቶ፣ ባለቤቱን አይቶ፣ እዚያው ይገጥማል፤ ሌሎቹ ዱላቸውን መሬት እየመቱ «ሆ!» ይላሉ። የዛሬ ልጅ ስለ ኮንዶሚኒየም ደረጃ፣ ስለ ዘበኛው፣ ስለ ቴሌብር ቢገጥም ምን ይገርማል? አስተባባሪው ግን «ይሄማ ባህላችን አይደለም» ብሎ የተጻፈ ወረቀት ያስጠናዋል። ልጁ ግጥም ሸመደደ እንጂ መግጠም አልተማረም። ነውር ነገር ከገባ ንገሩት፣ የቀረውን ተዉለት። ንፉግን ሸንቆጥ ማድረግ እንኳ የጨዋታው ወግ ነው።

የስብሰባ ጥያቄ መጠየቅ። «ባህላችንን እንዴት እንጠብቅ?» ስትሉት ልጅ አስተማሪው የሚወደውን መልስ ይሰጣችኋል። «ባለፈው ዓመት ከየት ከየት አባረሯችሁ?» በሉትና እዩ። የትኛው ግቢ ዘበኛው እንደማያስገባ፣ የትኛው ብሎክ ሙልሙል እንደሚሰጥ፣ ጅራፍ ያጮኹበት የነበረው ሜዳ መኪና ማቆሚያ መሆኑን ይዘረግፍላችኋል። ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። የነዋሪዎቹን ኮሚቴ አነጋግሮ ነሐሴ 12 ማታ በሩን ማስከፈት፣ ለጅራፍ ከሰውና ከመኪና የራቀ ሜዳ መለየት። ከመድረክና ከድንኳን ኪራይ በእጅጉ ይረክሳል።

ያንኑ ልጅ ደጋግሞ መምረጥ። ሁሌ የሚኒ ሚዲያዋ ልጅ፣ ሁሌ የክፍሉ አንደኛ። ሊስትሮው ልጅ ከሁሉም በላይ ሰፈሩን ያውቃል፣ ግን ማን ጠርቶት! ሴቶቹንም ለእንቁጣጣሽ አበባዮሽ ብቻ አታስቧቸው።

ወጣቱን ከሕፃን ጋር መደባለቅ። የ17 ዓመት ልጅ ከ9 ዓመት ልጅ ጋር ተሰልፎ እጁን እንዲያጨበጭብ ብታደርጉት በሚቀጥለው ዓመት አይመጣም። እውነቱን ነው። ድምፁን፣ ቀረጻውን፣ የወጪ መዝገቡን ስጡት። ታናናሾቹንም እሱ ያለማምድ።

ቪዲዮ መልቀቅ። ወላጅ ሳይፈቅድ፣ ልጁ ሳይጠየቅ ቲክቶክ ላይ አይወጣም። አለቀ።

ጠይቆ መጥፋት። ሐሳባቸውን ሰብስባችሁ የትኛው እንደተወሰደ፣ የትኛው ለምን እንደቀረ ካልነገራችኋቸው፣ ሁለተኛ አፋቸውን አይከፍቱላችሁም።

ገንዘባቸውን መውሰድ። «ለማኅበሩ ገቢ ይሁን» የሚል ሰው አይጠፋም። የሆያ ሆዬ ቡድን የራሱ ገንዘብ ያዥ አለው። ጭፈራው ሲያበቃ ጥግ ይዘው ይቆጥራሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ይካፈላሉ። እዚያ ውስጥ አትግቡ። ስፖንሰር ከተገኘም ከፊሉ ለእነሱ ይሰጥና ችቦ ይግዙበት፣ ከበሮ ይግዙበት፣ እነሱ ይወስኑ።