አንድ ሒሳብ፣ ሁለት መልስ፦ ፒኤችፒውና ዶትኔቱ አልስማማ ሲሉ

የመሸጫው ድረ ገጽ ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ተሠርቷል። የሒሳብ ክፍሉ ሲስተም ደግሞ በሌላ የፕሮግራም መሥሪያ፣ በዶትኔት። ሁለቱም ያንኑ ቫት ያሰላሉ፣ ያንኑ ቅናሽ ይቀንሳሉ። ቢዝነስ ሎጂኩ፣ ማለትም የስሌቱ ሕግ፣ ግን ሁለት ቦታ፣ በሁለት ሰው እጅ ተጽፏል። ተደውሎ የምጠራው አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ነው። ሁለቱም ከትክክለኛው ዳታቤዝ ጋር መገናኘታቸውንና ካሹ (ለጊዜው የተያዘው የቆየ መረጃ) መጽዳቱን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ አንድ ሳንቲም ይጎድላል ወይም ይተርፋል

ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይሄ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ወሩን ልትዘጋ ትቀመጣለች። የድረ ገጹ ደረሰኝና የእሷ ሲስተም አይገናኙም። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ማንም ጆሮ አይሰጣትም። ፕሮግራመሩ «አንድ ሳንቲም ምን ችግር አለው?» ይላታል። አለው እንጂ! ደረሰኙ ደንበኛው እጅ ገብቷል፣ ማስታረቅ ያለባት እሷ ናት። አንድ ድርጅት ውስጥ ይህችን ሳንቲም ስትፈልግ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት የቆየች ሴት አግኝቻለሁ። ጠረጴዛዋ ላይ ደረሰኙ ተደርድሮ፣ አንድ በአንድ በእስክሪብቶ ምልክት እያደረገች። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም።

ምክንያቱ ማጠጋጋት ነው። ዕቃው 12.30 ብር ነው እንበል። 15 በመቶ ቫቱ 1.845 ብር ይመጣል። ግማሽ ሳንቲም የለም፣ ስለዚህ ይጠጋጋል። ለፒኤችፒ ‹ራውንድ› 1.845ን ስጡት፣ 1.85 ይላችኋል። የሲ ሻርፕ፣ የዶትኔቱ ቋንቋ፣ ‹ማዝ ራውንድ› ለዚያው ዴሲማል ቁጥር 1.84 ይላል። ሁለቱም እንደተሠሩት ነው የሠሩት። ፒኤችፒ እኩል መሃል ላይ ያለውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሲ ሻርፕ ሌላ ካልታዘዘ ወደ ተጋማሹ አሃዝ ይወስደዋል፤ 4 ተጋማሽ ነው፣ 5 አይደለም። የፓይተን ‹ዴሲማል›ም ዝም ከተባለ የሚሄደው በዚሁ በሲ ሻርፕ መንገድ ነው። ጃቫስክሪፕት ይብሳል። 1.005ን በ‹ቱፊክስድ› ወደ ሁለት አሃዝ አጠጋጋ ስትሉት 1.00 ይላል፤ ቁጥሩን ገና ሲይዘው ከ1.005 በትንሹ ስለሚያንስ።

መፍትሄው ገንዘብን ነጥብ ባለው ቁጥር አለመያዝ ነው። በሳንቲም ያዙት፣ በኢንቲጀር፣ ማለትም ነጥብ በሌለው ሙሉ ቁጥር። 12.30 ብር 1230 ሳንቲም ነው። በ15 አባዙ፣ 50 ደምሩ፣ ለ100 አካፍሉና ቀሪውን ጣሉት። 18450፣ ከዚያ 18500፣ ከዚያ 185። በየትኛውም ቋንቋ ያው 185 ነው።

ጥንቃቄ፦ ዕቃ ሲመለስ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ይሆናል። ያንኑ ቀመር እንዳለ ከሠራችሁበት ኔጌቲቭ 184 ይወጣል። ደንበኛው 185 ከፍሎ 184 ሊመለስለት ነው። ሁልጊዜ በፖዘቲቭ አስሉና የመቀነሱን ምልክት መጨረሻ ላይ ጨምሩ።

ጥንቃቄ፦ በፒኤችፒ ተራው ማካፈያ ነጥብ ያለው ቁጥር ሊያመጣ ይችላል። ‹ኢንትዲቭ› ተጠቀሙ። በጃቫስክሪፕት ‹ማዝ ፍሎር›።

ጥንቃቄ፦ የምታጠጋጉት በየዕቃው ነው ወይስ በድምሩ? ባለ 12.30 ብሩን ሦስት ዕቃ በየራሱ ካጠጋጋችሁ ቫቱ 5.55 ነው። 36.90 ላይ አንዴ ካጠጋጋችሁ 5.54። ይህን ፕሮግራመር ብቻውን አይወስንም። የሒሳብ ባለሙያ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙት።

ከዚያ በኋላ ሕጉን ወደ አንድ ቤት አምጡት። ከተቻለ አንዱ ሲስተም ያስላ፣ ሌላው በኤፒአይ (ሲስተሞች በሚጠያየቁበት መንገድ) ይጠይቀው። ኔትወርክ ሲጠፋም መሸጥ የግድ ከሆነ ሁለት ቅጂ ይኖራችኋል፤ ያኔ አንድ የጄሰን ፋይል (ሁለቱም ቋንቋ የሚያነበው የጽሑፍ ፋይል) አዘጋጁ። በእያንዳንዱ መስመር ግብዓቱና መውጣት ያለበት መልስ ይጻፍ። ሁለቱም ቡድን ኮድ ከመልቀቁ በፊት በዚያው ፋይል ይፈተን። አንዱ ከወደቀ ምንም አይለቀቅ። አዲስ ስህተት በተገኘ ቁጥር መስመር ይጨመርበት። «ኮዱን እንዳለ ገልብጬ ነው ያመጣሁት» የሚለኝን ሰው አላምነውም። ኮዱ ሲገለበጥ የቋንቋው ጠባይ አብሮ አይገለበጥም።

ምልክት፦ እስከ ትናንት እኩል ነበሩ፣ ዛሬ ተለያዩ

ተመን ተቀይሯል፣ አንዱ ጋ ብቻ ተስተካክሏል። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2000 ብር ከፍ ሲል ይህንኑ አይቻለሁ። የደመወዝ ሲስተሙ በአዲሱ ከፈለ። ሠራተኛው ደመወዙን የሚያይበት ገጽ ግን ኮዱ ውስጥ የቆየውን ሰንጠረዥ ይዞ ቀረ። ባንክ የገባው ሌላ፣ ገጹ ላይ የሚታየው ሌላ። የሰው ኃይል ክፍሉ በር ላይ ሰልፍ ሆነ። ተመንን ኮድ ውስጥ አትቅበሩ! ዳታቤዝ ውስጥ፣ ከሚጀምርበት ቀን ጋር ይቀመጥ፣ ሁለቱም ከዚያ ያንብቡ። የድሮውንም አትደምስሱት። የሰኔን ደመወዝ ሐምሌ ላይ የሚያስተካክል ሰው አይጠፋም።

ምልክት፦ ቀኑ በአንድ ወደ ኋላ ይላል

የአዲስ አበባ እኩለ ሌሊት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ሲቀመጥ ያለፈው ቀን 21፡00 ይሆናል። ሌላው ሲስተም ሰዓቱን ቆርጦ ቀኑን ብቻ ሲወስድ ትናንትን ያነባል። የልደት ቀንና የክፍያ ቀን ሰዓት አያስፈልጋቸውም። «2025-09-11» ብላችሁ በጽሑፍ ላኩት። ጃቫስክሪፕት ላይ ‹ዴት› ውስጥ ካስገባችሁት እንደ ዩቲሲ ያነበዋል፤ እዚህ ደህና የሚመስለው ገጽ ዋሽንግተን ላለው ደንበኛ አንድ ቀን ቀድሞ ይታየዋል።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር የምትሠሩ ከሆነ ወር ከ12 አይበልጥም የሚል ማጣሪያ የት እንዳለ ፈልጉ። ጳጉሜን አልቀበልም የሚለው እሱ ነው። ጳጉሜ 6ንም ፈትኑ፣ 2015 ላይ ነበረች።

አልፎ አልፎ የሚታዩ

የደንበኛው መለያ ቁጥር መጨረሻው ይቀየራል፦ ጃቫስክሪፕት ከ9007199254740991 በላይ ያለውን ኢንቲጀር በትክክል አይዝም። በጄሰን ስትልኩ እንደ ጽሑፍ ይሁን።

ስሙ አንዱ ጋ ይገኛል፣ ሌላው ጋ የለም፦ አንዱ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሀይ» ብሎ መዝግቧል። ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ለፍለጋ ብቻ ወደ አንድ የሚያመጣ ዓምድ ጨምሩ፣ ከነእንዚራናቸው። ሰውየው ራሱ የጻፈውን ስም ግን አትንኩበት።