ኪችን ስናድስ ምኑን አስቀድመን እንወስን?

ኪችን ለማደስ ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቀለም ነው። ስልኩ በፎቶ ይሞላል፤ ነጭ ካቢኔ፣ አረንጓዴ ካቢኔ፣ ጥቁር እጀታ። ከዚያ ባለሙያው መጥቶ «እሺ፣ ምን ወሰናችሁ?» ሲል መልስ የለም። ምርጫው ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ስለተገለበጠ ነው። ስለዚህ ይህን ያዙ፦ አንዴ ከተሠራ በኋላ ለመቀየር የሚከብደውን ቀድማችሁ ወስኑ፤ በካቻቢቴ ተፈትቶ የሚለወጠውን ወደ መጨረሻ ግፉት። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ቧንቧ ከእጀታ ይቀድማል። እጀታ ነገም ይገዛል።

ምርጫ ውስጥ ሳትገቡ ግን አንድ ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጥፉ። ምግብ ስትሠሩ ያናደዳችሁን ነገር ወዲያው ጻፉበት። ትኩስ ድስት ከምድጃው ሲወርድ የሚቀመጥበት የለም። ቆሻሻ መጣያው ከመክተፊያው ሩቅ ነው። መብራቱ ከጀርባ ስለሆነ ሽንኩርት ስትከትፉ የራሳችሁ ጥላ እጃችሁ ላይ ያርፋል። ሁለት ሰው ከገባ አንዱ መውጣት አለበት። በኋላ ሐሳብ ሲለያይ ዳኛው ይህ ወረቀት ነው። አንድ ውድ ነገር እዚያ ከተጻፉት ችግሮች አንዱንም የማይፈታ ከሆነ ጌጥ ነው፤ ጌጥ መሆኑን አውቃችሁ ግዙት ወይም ተዉት።

የመጀመሪያው ከባድ ውሳኔ የሲንኩ ቦታ ነው። ንጹሕ ውኃ መሳብ ብዙም አያስቸግርም፤ ጣጣው ፍሳሹ ነው። የፍሳሽ ቱቦ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ መሄድ ስላለበት፣ ሲንኩን ወደ ሌላ ግድግዳ ማሻገር ብዙ ጊዜ ወለል መስበር ማለት ነው፤ ቤቱ ፎቅ ላይ ከሆነ ደግሞ ከታች ያለው ጎረቤትም ይነካል። የሲንኩ ቦታ ወረቀቱ ላይ በቅሬታ ካልተጻፈ ባለበት ይቆይ ባይ ነኝ። ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ ጥሩ መሳቢያና ጥሩ መብራት ላይ ቢውል በየቀኑ ትጠቀሙበታላችሁ።

ሲንኩ ቦታ ከያዘ ምድጃና ፍሪጅ ይከተላሉ። ሦስቱን በሐሳብ መስመር ብታገናኙ የመስመሮቹ ድምር ከ4 እስከ 8 ሜትር ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ ካነሰ ይጨናነቃል፣ ከበለጠ እግር ያደክማል። በሲንክና በምድጃ መካከል ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ባዶ የመሥሪያ ቦታ ይኑር፤ 90 ከተገኘ ደግሞ እሰየው። ካቢኔ ፊት ለፊት የሚተያይ ከሆነ መተላለፊያው ለአንድ ሰው 1 ሜትር፣ ሁለት ሰው አብሮ የሚሠራበት ቤት ከሆነ 1 ሜትር ከ20 ይሁን። ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ብቻ አትመኑ። ወለሉ ላይ በወረቀት ፕላስተር የካቢኔውን፣ የፍሪጁንና የምድጃውን ትክክለኛ ልክ ምልክት አድርጉና ምግብ እንደምትሠሩ ሆናችሁ ተንቀሳቀሱ። የኦቨኑ በር ወደ ታች ሲከፈት የት ይደርሳል? ከኋላው ሰው ያልፋል? ፍሪጁ ግድግዳ ከተጠጋ በሩ እስከ መጨረሻ ላይከፈት ይችላል፣ ያን ጊዜ ውስጡ ያሉት መሳቢያዎች አይወጡም። ስዕል ላይ የማይታየው እንዲህ ያለው ነገር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ዕቃዎቹ ከካቢኔው በፊት ይመረጣሉ። «እዚህ ጋ ፍሪጅ ይገባል» ማለት ውሳኔ አይደለም። የትኛው ፍሪጅ፣ የትኛው ሞዴል፣ ስንት በስንት፣ ለአየር ማናፈሻ ስንት ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል? ይህ ሁሉ ከዕቃው ጋር በሚመጣው የመግጠሚያ መመሪያ ላይ ተጽፏል። አናጺው የሚሠራው በዚያ ልክ ነው። ዕቃው አሁን ባይገዛ እንኳ ሞዴሉ ይወሰን።

የኤሌክትሪኩም ሥራ በዕቃው ይወሰናል። ኦቨን ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ባለ አራት የኤሌክትሪክ ምድጃ 7 ኪሎ ዋት አካባቢ ሊደርስ ይችላል። እነዚህ የራሳቸው መስመር ይፈልጋሉ፤ የሽቦው ውፍረትና የብሬከሩ ልክ ደግሞ በባለሙያ ይሰላ እንጂ በግምት አይሁን። ሶኬት ስትቆጥሩ አሁን ያላችሁን ዕቃ ሁሉ ቁጠሩና ሁለት ጨምሩ። ከሲንኩና ከምድጃው ራቅ ይበል። ጭስ ማስወጫውም እዚሁ ላይ ይወሰናል፤ ወደ ውጭ የሚያስወጣው ግድግዳ መብሳት ይፈልጋል፣ በከሰል ፊልተር የሚሠራው ደግሞ ሽታ ይቀንሳል እንጂ እንፋሎቱን ከቤት አያስወጣም። ውጭ ማስወጣት ከተቻለ አታመንቱ። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ሜትር ዘርግታችሁ ቧንቧውንና ሽቦውን ፎቶ አንሱ። በኋላ መደርደሪያ ለመስቀል ስትበሱ ያ ፎቶ ያድናችኋል።

ካቢኔው ላይ ከቀለሙ በፊት ቁመቱን ወስኑ። የተለመደው 90 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ግን ቤቱ ውስጥ በብዛት የሚሠራው ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ክርኑን ይጠፍና፣ ከክርኑ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለው ቦታ ለእሱ ትክክለኛው ነው። ወገብ የሚያመው እዚህ ላይ በተሳሳተ ልክ ነው። የላይኛው ካቢኔ ከምንከትፍበት ገጽ ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ከታች በር ይሁን ወይስ መሳቢያ ካላችሁ፣ እኔ መሳቢያ እላለሁ፤ ዋጋው ይጨምራል፣ ነገር ግን ከኋላ የተደበቀ ድስት ለማውጣት መንበርከክ ይቀራል። ሲንኩ ስር ያለው ክፍል እርጥበት በሚችል እንጨት ይሠራ። ተራ ቺፑድ ጠርዙ በደንብ ካልተሸፈነ ውኃ ስቦ ያብጣል፣ ካበጠ ደግሞ አይመለስም።

ቶፑ፣ ማለትም የምንከትፍበት የላይኛው ገጽ፣ ብዙ ክርክር ያስነሳል። እብነ በረድ ያምራል፤ ሎሚና ኮምጣጤ ግን ያበላሹታል፣ ምክንያቱም ድንጋዩ ከአሲድ ጋር ይዋጋል። ግራናይት ሙቀት ይችላል፣ ሆኖም ዘይት እንዳይጠጣ አልፎ አልፎ መከላከያ መቀባት የሚፈልግ ዓይነት አለ። በፋብሪካ የሚሠራው ኳርትዝ መከላከያ አይፈልግም፤ ውስጡ ሙጫ ስላለበት ግን ትኩስ ድስት በቀጥታ አይቀመጥበትም። ፎርማይካ ርካሽና ለማጽዳት ቀላል ነው፤ ድካሙ መጋጠሚያው ላይ ነው፣ ውኃ በዚያ ይገባል። ቁራጭ ናሙና ለምኑና ቤት ውሰዱ። ሎሚና ዘይት ጠብ አድርጋችሁበት አሳድሩት። ጠዋት ላይ ቁራጩ ራሱ ይነግራችኋል።

ቀለምና ሴራሚክ አሁን ይምጡ። ናሙናውን በራሱ ኪችን ውስጥ፣ በቀን ብርሃንም ማታ በአምፖልም እዩት፤ ሱቅ ውስጥ የታየ ቀለም ቤት ሲገባ ሌላ ይሆናል። ሴራሚክ ከሚያስፈልገው 10 በመቶ አስበልጣችሁ በአንድ ጊዜ ግዙ፤ በሌላ ጊዜ የተመረተው ቀለሙ ትንሽ ይለያል።

ሁለት ነገር እኩል ሆኖ ከቀረ «የትኛው ለማጽዳት ይቀላል?» ብላችሁ ጠይቁ። አሁንም እኩል ከሆነ በብዛት ምግብ የሚሠራው ሰው ይወስን፤ ባልም ይሁን ሚስት ወይም እናት፣ እዚያ የሚውለው እሱ ነው። የተወሰነውን ጻፉ፤ ሞዴል፣ ልክ፣ የቀለም ቁጥር። ባለሙያውም ኮፒ ይኑረው፣ በቃል የተነገረ ነገር አቧራ ውስጥ ይረሳል። ከዚያ በኋላ የተዘጋ ውሳኔ የሚከፈተው ዕቃው ከገበያ ከጠፋ፣ ልኩ አልገባ ካለ፣ ወይም ግድግዳው ሲፈርስ ያልታሰበ ነገር ከተገኘ ብቻ ይሁን። አዲስ ፎቶ ስለታየ አይከፈትም። ላልታሰበው ደግሞ ከጠቅላላው በጀት ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል ሳይነካ ይቀመጥ። ገንዘብ ካጠረ ከሽቦና ከቧንቧ አትቀንሱ፤ የላይኛውን ካቢኔ ወይም የግድግዳውን ሴራሚክ ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ማፍረስ የሚጀመረው ካቢኔው ተሠርቶ፣ ዕቃዎቹ ደርሰው፣ ካርቶኑ ተከፍቶ ከታየ በኋላ ይሁን። የድንጋዩ ቶፕ የሚለካው የታችኛው ካቢኔ ቦታው ላይ ተገጥሞ ሲያልቅ ነው፤ በዚያን ቀን ሲንኩና የውኃ መክፈቻው እዚያው መገኘት አለባቸው፣ ቀዳዳው የሚቆረጠው በእነሱ ልክ ነውና። ከልኬቱ በኋላ ድንጋዩ ተቆርጦ እስኪመጣ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይሄዳል። ለዚያ ጊዜ ሌላ ክፍል ውስጥ ትንሽ ምድጃ፣ ጠረጴዛና የውኃ ባልዲ አስቀድማችሁ አዘጋጁ።