ከምቾት ቀጠና ለመውጣት ስንሞክር የምንሠራቸው ስህተቶች

ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ «ከምቾት ቀጠናህ ውጣ» የሚለውን ምክር ደጋግሞ ይሰማል። እንዴት እንደሚወጣ የሚያሳየው ግን ጥቂት ነው። አንዱ በአንድ ጊዜ ዘሎ ይወጣና ደንግጦ ይመለሳል፤ ሌላው «ዝግጁ ስሆን» እያለ ይመረቃል።

ፍርሃቱ እስኪጠፋ መጠበቅ

ከሁሉም የሚብሰው ይኼ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ክፍል ውስጥ ጥያቄ አላችሁ እንበል። እጃችሁን ልታነሡ ስትሉ ልባችሁ ይመታል፣ አፋችሁ ይደርቃል። «ይቅር፣ በኋላ ጓደኛዬን እጠይቃለሁ» ስትሉ ወዲያው ቅልል ይላችኋል። ጉዱ ያለው እዚያ እፎይታ ላይ ነው። አእምሮ እፎይታውን እንደ ሽልማት ይቆጥረዋል፤ «ዝም በማለቴ ተረፍኩ» ብሎ ይይዘዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ማለቱ ይበልጥ ይቀላል፣ መጠየቁ ይበልጥ ይከብዳል። ፍርሃትን የሚያክሙ ባለሙያዎች ሰውየውን ከሚፈራው ነገር ጋር ደረጃ በደረጃ የሚያገናኙት ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ ነው። ስለዚህ ልባችሁ እየመታ ጠይቁ። ጥያቄውን ደብተር ላይ ጽፎ ከዚያ ማንበብም ይቆጠራል፤ ማንም ነጥብ አይቀንስባችሁም።

የዚሁ ስህተት ወንድም ደግሞ አለ፦ ሄዶ ቶሎ መውጣት። አዲስ ክለብ ስብሰባ ላይ ተገኝቶ፣ ጥግ ይዞ፣ ስልክ ላይ አቀርቅሮ፣ ጭንቀቱ ሲያይል ሹልክ ማለት። እንዲህ የወጣ ሰው «ሞክሬው ነበር፣ ለእኔ አይሆንም» ይላል። ያልሞከረው ግን መቆየቱን ነው። ጭንቀት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ላይ ይጨምርና ቆይቶ ይረግባል፤ ሲረግብ ማየት የሚችለው የቆየ ብቻ ነው።

ከትልቁ መጀመር

በሰው ፊት መናገር የሚፈራ ተማሪ ለተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንትነት ይወዳደራል። እ.ኤ.አ. በ1908 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮበርት የርክስና ጆን ዶድሰን አይጦችን በኤሌክትሪክ ንዝረት እየቀጡ ሲያስተምሩ፣ ትምህርቱ ከባድ በሆነ ጊዜ ፈጥነው የተማሩት ኃይለኛው ሳይሆን መካከለኛ ንዝረት የደረሰባቸው ሆነው ተገኙ። አይጥ ተማሪ አይደለም፤ ግን ፕሬዘንቴሽን ላይ በድንጋጤ ያጠናውን ሁሉ የረሳ ሰው ነገሩ ይገባዋል። መጀመሪያ በግሩፕ ሥራ መግቢያውን ብቻ አቅርቡ። ቀጥሎ መካከሉን። ምርጫው ይደርሳል።

«ሁሉም እኔን ነው የሚያየው» ማለት

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የሚያሳፍር የዘፋኝ ምስል ያለበት ቲሸርት አልብሰው ሌሎች ተማሪዎች ወደተቀመጡበት ክፍል አስገቧቸው። የለበሱት ግማሽ የሚጠጋው ሰው ልብ ይለኛል ብለው ገመቱ። ልብ ያለው ግን ሩብ ያህሉ ነበር። የተቀረው ስለ ራሱ እያሰበ ይሆናል፤ ምናልባትም ስለ ራሱ ልብስ።

በግድ ለመረጋጋት መታገል

የሚመታን ልብ «ዝም በል» ማለት አይሠራም። ተመራማሪዋ አሊሰን ዉድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ጥናት፣ ንግግር ከማድረጋቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» ያሉት ሰዎች «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የተሻለ ተናግረዋል። ጭንቀትም ጉጉትም ልብን ያስመታሉ፤ ልብን ከማረጋጋት ስሙን መቀየር ይቀላል።

የማይመች ነገር ሁሉ ያሳድጋል ብሎ ማሰብ

ጓደኞች በግድ የሚያስጠጡት መጠጥ፣ እንቅልፍ አጥቶ አምስት ክለብ ውስጥ መመዝገብ፣ ከሚያዋርድ ሰው ጋር «ለልምድ» ብሎ መሥራት፦ እነዚህ አይመቹም፤ ከጉዳት በቀርም የሚሰጡት የለም። ፍርሃቱ ትምህርት የሚያስቋርጥ፣ ምግብ የሚያስተው ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የድፍረት አይደለም፤ የምክር አገልግሎት ባለሙያ ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

የሌላውን ሰው ፍርሃት መኮረጅ

ምክሩ ሁሉ ስለ መድረክና ስለ አዲስ ጓደኛ ይመስላል። እኔ መድረክ አልፈራም ነበር፤ ብዙ ጊዜ ወጥቼ ተናግሬያለሁ፣ ሰዎችም «ደፋር» ይሉኝ ነበር። የምፈራው «አልገባኝም» ማለትን ነው። ፈተና ወድቄ ወረቀቱን ይዤ በመምህሩ ቢሮ በር ፊት ለፊት ሁለት ሳምንት ተመላለስኩ። በመጨረሻ ስገባ መምህሩ ወንበር ሳበልኝና «የትኛው ጥያቄ ነው?» አለኝ።