የኤሌክትሪክ ፍለክስ እንዴት ይሰላል?

ፍለክስ ማለት የኤሌክትሪክ መስክ አንድን ገጽ ምን ያህል እንደሚያቋርጥ የሚለካ መጠን ነው። የፍለክስ ጥያቄ ሲመጣ ካልኩሌተር ለማንሳት አይቸኩሉ። አብዛኛው ሥራ የሚያልቀው ሥዕሉ ላይ ነው።

መጀመሪያ ገጹ ክፍት ነው ወይስ እንደታሸገ ካርቶን ዙሪያውን የተዘጋ? መንገዱ የሚለየው እዚህ ጋ ነው።

ክፍትና ጠፍጣፋ ከሆነ፣ መስኩም በየቦታው እኩል ከሆነ፣ የመስኩን ጥንካሬ በገጹ ስፋት፣ ከዚያም በማዕዘኑ ኮሳይን ያባዙ። የትኛው ማዕዘን? ብዙ ተማሪ የሚሸወደው እዚህ ነው። ማዕዘኑ የሚለካው ከገጹ ሳይሆን ገጹ ላይ ቀጥ ብሎ ከሚቆመው መስመር ነው። 0.3 በ0.4 ሜትር የሆነ ሬክታንግል 200 ኒውተን በኩሎም በሆነ መስክ ውስጥ አለ እንበል። መስኩ ከገጹ ጋር 30 ዲግሪ ይሠራል ከተባለ፣ ከቋሚው መስመር ጋር 60 ነው። የ60 ኮሳይን 0.5 ነው። ስለዚህ 200 × 0.12 × 0.5 = 12 ኒውተን ካሬ ሜትር በኩሎም። 30ን ዝም ብሎ የከተተ ሰው 20.8 ያገኛል። ፈተና ላይ ያ ቁጥር ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ቢጠብቀው አይግረመው።

ገጹ ዝግ ከሆነ የጋውስ ሕግ ይገላግላል። ውስጥ ያሉትን ቻርጆች ከነምልክታቸው ይደምሩና ኤፕሲሎን ዜሮ ለሚባለው የባዶ ቦታ ቋሚ ቁጥር፣ ማለትም ለ8.85 × 10⁻¹² ያካፍሉ። አለቀ። ውጭ ያለ ቻርጅ የቱንም ያህል ቢገዝፍ አይቆጠርም፤ በአንድ በኩል የገባው በሌላ በኩል ይወጣልና። 8.85 ናኖኩሎም (8.85 × 10⁻⁹ ኩሎም) ቻርጅ ኪዩብ መሃል ላይ ቢቀመጥ ጠቅላላው ፍለክስ 1000 ነው። ስድስቱ ገጾች እኩል ስለሚካፈሉት ለአንዱ 167 ገደማ ይደርሰዋል።

ያው ቻርጅ የኪዩቡ ጥግ ላይ ሲቀመጥስ? ግማሹ ውስጥ ነው ብሎ መገመት አያዋጣም። ቻርጁ ሙሉ በሙሉ እስኪከበብ ድረስ እኩያ ኪዩቦችን ይደርድሩ። በጠቅላላው 8 ይሆናሉ። እንግዲህ የእኛ ኪዩብ ድርሻ 125 ነው። አሁንም ለስድስት እንዳያካፍሉት! ጥጉን በሚነኩት ሦስት ገጾች ላይ መስኩ ገጹን ታክኮ ያልፋል እንጂ አይወጋውም። የእነሱ ፍለክስ ዜሮ ነው። 125ቱን የሚካፈሉት የቀሩት ሦስቱ ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው 41.7 ገደማ።

ግማሽ ሉል ከተሰጠዎት ደግሞ ኢንቴግራል ውስጥ ከመግባትዎ በፊት በሐሳብ ጠፍጣፋ ክዳን ይግጠሙለት። ውስጡ ቻርጅ ከሌለ በክዳኑ የገባው ሁሉ በጉልላቱ ይወጣል። ሬዲየሱ 0.1 ሜትር፣ መስኩ ክዳኑን ቀጥ ብሎ የሚወጋና 200 ቢሆን፣ የክዳኑ ስፋት 0.0314 ነው። የጉልላቱ ፍለክስም 6.28 ይሆናል።