ማንጎው ሥር የጥላ አበባ

የግቢያችን ማንጎ ትልቅ ነው። ሥሩ ለዓመታት ሣር እንኳ አልበቅል ብሎ ባዶ መሬት ሆኖ ኖሯል። ፀሐይ የሚያየው ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። አሁን ኢምፓሸንስ በሚባል ሮዝና ነጭ የጥላ አበባ ተሸፍኗል።

ኢምፓሸንስ ለእኛ ባዳ አይደለም፤ የእንሶስላ ዘመድ ነው። እናቴ ለበዓል እንሶስላ ስትሞቅ ሥሩን የምትወቅጠው ተክል ወገን ማለት ነው። የደረሰውን የዘር ፍሬ ነካ ብታደርጉት ፈንድቶ ዘሩን ይበትነዋል። ልጆች በጣም ይወዱታል።

ዘር መግዛት አያስፈልግም። ጎረቤት ካለው አበባ ያላወጣ ጫፍ ለምኑ፤ አሥር ሳንቲሜትር ይበቃል። የታች ቅጠሎቹን አንሱና ውኃ በያዘ ብርጭቆ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ውኃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሩ። በሁለት ሳምንት ገደማ ሥር ያወጣል። እኔ ይህን የምሠራው ግንቦት ላይ ነው፤ ክረምቱ ሲገባ ችግኙ ዝግጁ ይሆናል።

አፈሩ ላይ ግን አትቸኩሉ። ብዙ ሰው የጥላ አበባ የሚሞተው ፀሐይ አጥቶ ይመስለዋል። ባሕር ዳር ላይ የሚገድለው የተኛ ውኃ ነው። የሐምሌ ዝናባችንን ታውቁታላችሁ። ዋልካ አፈር ከሆነ ደግሞ ውኃውን ይዞ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ስለዚህ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ እቀላቅላለሁ። ጨበጥ አድርጋችሁ ስትለቁትና በጣት ነካ ስታደርጉት መፈረስ አለበት። መደቡን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት። የማንጎውን ወፍራም ሥር አትቁረጡ፣ ግንዱንም አፈር አታልብሱት። እኔ አንድ ሜትር ያህል እርቃለሁ።

አንድ ክረምት መደቡ ቶሎ እንዲሞላልኝ ብዬ አጠጋግቼ ተከልኩ። ዝናብ ባጣ ቀን ደግሞ ማታ ማታ ከላይ አጠጣ ነበር። ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ገልበጥ አድርጌ ሳየው ከሥሩ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ለብሷል። በሳምንት ውስጥ ቅጠሉ ረግፎ ባዶ አገዳ ቀረ። ልቤ ተሰበረ። ነጩ ነገር ሻጋታ ነው፤ እርጥብ ሆኖ ያደረ ቅጠል ይወዳል። ከዚያ ወዲህ በችግኝ መካከል 30 ሳንቲሜትር እተዋለሁ። ውኃ የማጠጣው ጠዋት ብቻ ነው፣ ያውም እግሩ ሥር። ነጩን ነገር ያየሁበትን ተክል ወዲያው ነቅዬ በፌስታል ቋጥሬ አስወግዳለሁ። ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አልጥለውም።

በሽታው በገባበት ቦታ በሚቀጥለው ዓመት ቢጎኒያ ወይም ኮሊየስ የሚባሉትን ሌሎች የጥላ ተክሎች ትከሉ። ይሄ ሻጋታ አይነካቸውም። ኮሊየስ የሚተከለው ለቅጠሉ ነው፤ አበባ ሲያወጣ ጫፉን ቀንጥቡለት፣ ይንዠረገጋል። የኒው ጊኒ ኢምፓሸንስም በሽታውን በደንብ ይቋቋማል፤ ትንሽ የጠዋት ፀሐይ ግን ይፈልጋል።

ፍግ አታብዙ። ቅጠሉ ይወፍርና አበባው ይጠፋል።

ውርጭ ስለሌለብን ኢምፓሸንስ ዓመት አልፎም ይቆያል፤ እየረዘመ አገዳው ይራቆታል እንጂ። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያቆም ግማሹን በመቀስ እቆርጠዋለሁ። የተቆረጠው ጫፍ ተመልሶ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል። ባለፈው ጥቅምት ሰባት ብርጭቆ ሞልቶልኝ አራቱን ለጎረቤቶቼ ሰጠሁ።